ምስል የሚሠሩ እጆች፦ የራዲዮ ሥነ ፈለክ የክረምት ትምህርት ቤቶች ቅኝት

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከሶኮሮ ከተማ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2124 ሜትር ከፍታ ላይ የሳን አጉስቲን ሜዳ የሚባል ደረቅ አምባ አለ። እዚያ ላይ 27 ነጫጭ አንቴናዎች በሦስት አቅጣጫ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ላይ ቆመው ሁሉም ወደ አንድ የሰማይ ነጥብ ያያሉ። የአንዱ ስፋት 25 ሜትር፣ ክብደቱ 230 ቶን ገደማ ነው። ቪኤልኤ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ይህ የራዲዮ ቴሌስኮፕ በፊልምም በመጽሔትም ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ብዙም የማይወራለት ሶኮሮ ከተማ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ከ1982 ወዲህ የአሜሪካ ብሔራዊ የራዲዮ ሥነ ፈለክ ተቋም በየጥቂት ዓመቱ፣ ኋላ ላይ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ለአንድ ሳምንት ያህል እየሰበሰበ ያስተምራል። የትምህርቱ ርዕስ ከአንቴናዎቹ ከሚመጣው የቁጥር ክምር እንዴት የሰማይ ምስል እንደሚወጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የራዲዮ ሥነ ፈለክ ታሪክ ሲነገር አንቴናዎቹ ይወደሳሉ፣ ግኝቶቹ ይዘረዘራሉ፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህ ትልቅ በደል ይመስለኛል። የራዲዮ ምስል እንደ ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ የሚነሣ አይደለም። ተለክቶ፣ ተሰልቶ፣ ተጣርቶ የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። ሙያው ከሲድኒ ወደ ካምብሪጅ፣ ከካምብሪጅ ወደ ሆላንድ፣ ከዚያም ወደ ሶኮሮ፣ ወደ ሕንዷ ፑኔና ወደ ደቡብ አፍሪካ የተጓዘው በሰዎች እጅ ነው።

ነገሩ ለምን ልዩ ትምህርት እንዳስፈለገው ከቁጥሩ ይገባል። ቴሌስኮፕ ምን ያህል ደቃቅ ነገር ለይቶ እንደሚያይ የሚወስኑት የሚቀበለው ሞገድ ርዝመትና የራሱ ስፋት ናቸው። የብርሃን ሞገድ እጅግ አጭር ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆነው የዓይናችን ብሌን ትበቃዋለች። የራዲዮ ሞገድ ግን ከዚያ በመቶ ሺዎች እጥፍ ይረዝማል። የሃይድሮጅን አቶም የሚለቀውን የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ይዞ ዓይናችን በብርሃን የምታየውን ያህል አጥርቶ ለማየት 700 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንቴና ያስፈልጋል። ባለ 25 ሜትሩ አንቴና ብቻውን ቢሆን ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ያነሰን ነገር ለይቶ ማየት አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይህን ገደብ በራሳቸው ላይ አይተውታል። የቤል ላቦራቶሪው መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ ሥራው አትላንቲክን በሚያቋርጠው የራዲዮ ስልክ ላይ የሚሰማው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ ማጣራት ነበር። በኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል ላይ በፎርድ መኪና ጎማዎች እየዞረ የሚያዳምጥ አንቴና ሠራ። ከመብረቅ የሚመጣውን ጩኸት ለይቶ ካወጣ በኋላ አንድ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ቀረ፤ በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ተመልሶ ይመጣል። ይህ ከዋክብት በሰማይ ዞረው ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በ1933 ጃንስኪ ምንጩ ፍኖተ ሐሊብ መሆኑን ይፋ አደረገ። አሠሪው ግን ወደ ሌላ ሥራ መደበው፤ በ1950 በ44 ዓመቱ ሲሞት የከፈተው መንገድ የት እንደሚደርስ አላየም። ግሮት ሬበር የተባለ ሌላ መሐንዲስ ነገሩን በቁም ነገር ወሰደው። በ1937 ኢሊኖይ ውስጥ ዊተን በምትባል ከተማ በቤቱ ግቢ በገዛ ገንዘቡ 9.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎድጓዳ አንቴና አቆመ። በሁለት የሞገድ ርዝመቶች ሞክሮ ምንም አልሰማም፤ በሦስተኛው ተሳካለት፤ የሰማይን የራዲዮ ካርታም አወጣ። ካርታው ደብዛዛ ነበር። በዚያ ስፋት ባለ አንድ አንቴና ከዚያ የተሻለ ማውጣት አይቻልም።

መውጫው የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ራዳር ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች መሣሪያቸውን ወደ ሰማይ ሲያዞሩ ነው። በሲድኒ፣ ዶቨር ሃይትስ በሚባለው የባሕር ዳር ገደል ጫፍ ላይ የቆመ የራዳር አንቴና ነበር። ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ስትል ቀጥታ የሚመጣው ሞገድና በባሕሩ ፊት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ እዚያ አንቴና ላይ ይገናኛሉ፤ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ባሕሩ እንደ ሁለተኛ አንቴና ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። ከዚህ የመጣው ሐሳብ በ1947 ሊንዚ ማክሪዲ፣ ጆሴፍ ፖውሲና ሩቢ ፔይን-ስኮት ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። በመሠረቱ እንዲህ ነው፦ ሁለት አንቴናዎች በተወሰነ ርቀት ሆነው ሲለኩ ስለ ምስሉ አንድ ቁራጭ መረጃ ይሰጣሉ፤ ርቀቱንና አቅጣጫውን እየለዋወጡ ብዙ ቁራጮች ከሰበሰቡ ፉሪየር በሚባለው የሒሳብ ስሌት ሙሉውን ምስል መልሶ መገንባት ይቻላል። ዛሬ ከሶኮሮ እስከ ኬፕታውን የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ስለ ሩቢ ፔይን-ስኮት ቆም ብሎ መናገር ይገባል። በዘመኑ ከነበሩት የፊዚክስ ሊቃውንት መካከል የራዲዮ መሣሪያን በተግባርም በሒሳብም ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዷ ነበረች። ያገባች ሴት ቋሚ የመንግሥት ቅጥር ሊኖራት አይችልም የሚል ሕግ ስለነበር ትዳሯን ለዓመታት ደብቃ ሠራች። በ1950 ሲታወቅ ቋሚነቷን ተነጠቀች፤ በ1951 ልጅ ልትወልድ ስትል ሥራውን ለቀቀች። የራዲዮ ምስል መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዷን ሳይንሱ ያጣት በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሴት ተማሪዎች በብዛት ሲቀመጡ የእርሷ ስም ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር አብሮ መነገር አለበት ባይ ነኝ።

እዚያው ሲድኒ፣ ፖትስ ሂል በሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ዳር፣ ዊልበርት ክሪስቲያንሰን ትንንሽ አንቴናዎችን በሁለት መስመር ደረደረ። ምድር ስትዞር አንቴናዎቹም አብረው ስለሚዞሩ፣ ከፀሐይ አንጻር አቅጣጫቸው በየሰዓቱ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ቢለኩ ቁራጮቹ በራሳቸው ይጠራቀማሉ። ክሪስቲያንሰንና ባልደረባው በ1955 ባሳተሙት የፀሐይ ምስል ይህን በተግባር አሳዩ፤ ስሌቱ ሁሉ የተሠራው በእጅ ነበር። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ደግሞ ማርቲን ራይል ያንኑ ሐሳብ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የዩኒቨርሲቲው ኤድሳክ 2 ኮምፒውተር በ1962 የሰሜን ዋልታ አካባቢን ሰማይ ምስል ሲያሰላ፣ ምድር እየዞረች ትልቅ ቴሌስኮፕ መሥራት እንደምትችል ጥርጥር አልቀረም። የአንድ ማይሉ ቴሌስኮፕ በ1964፣ የአምስት ኪሎ ሜትሩ በ1972 ሥራ ጀመሩ። ራይል በ1974 የፊዚክስ ኖቤልን ከአንቶኒ ሂዊሽ ጋር ተቀበለ።

ያን ጊዜ ሙያው የሚገኘው በጥቂት ቤቶች ውስጥ ብቻ ነበር። መሣሪያውን የሠራው ቡድን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ያሰላል፣ ምስሉንም ራሱ ያወጣል። መማር የፈለገ እዚያው ሄዶ ከእነርሱ ጋር መቀመጥ ነበረበት። የስዊድኑ ያን ሆግቦም መንገድ ይህንን ያሳያል። በካምብሪጅ ከራይል ቡድን ጋር ተማረ፣ ከክሪስቲያንሰን ጋር ሠርቶ በ1969 አንድ መጽሐፍ አብሮት ጻፈ፣ ሆላንድ ውስጥ በ1970 ለተከፈተው የቬስተርቦርክ ቴሌስኮፕም ሠራ። በ1974 ያሳተመው ክሊን የተባለ የስሌት ዘዴ ደግሞ ይህን ሳይንስ ለዘለቄታው ለወጠው።

ክሊን ምን ችግር እንደፈታ ማስረዳት ይገባል፤ የትምህርቱ ልብ ያለው እዚህ ነው። የአንቴናዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ሁሉንም ርቀትና ሁሉንም አቅጣጫ መለካት አይቻልም። ከምስሉ ቁራጮች ብዙዎቹ ሁልጊዜ ይጎድላሉ። የጎደለውን ዜሮ ነው ብሎ ካሰሉት እያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያውን በቀለበትና በጨረር ተከቦ ይወጣል፤ ይህ ምስል በባለሙያዎቹ ዘንድ ቆሻሻ ምስል ይባላል። ምስጥ የበላውን ብራና የሚያነብ ሊቅ፣ ቀዳዳው ላይ የነበረውን ፊደል የሚያገኘው ቋንቋውንና የጸሐፊውን ልማድ ስለሚያውቅ ነው፤ ክሊንም እንዲሁ ሰማዩ በአመዛኙ ባዶ መሆኑንና ብርሃኑ በጥቂት ነጥቦች መሰብሰቡን እንደ ሰዋስው ይዞ ይነሣል። ደማቁን ነጥብ ይፈልጋል፣ ያ ነጥብ የፈጠረውን ቀለበትና ጨረር በጥቂቱ ይቀንሳል፣ እንደገና ደማቁን ይፈልጋል፤ እንዲህ እያለ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው ሰው ነው።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የአየርን ችግር ይመለከታል። በእያንዳንዱ አንቴና በላይ ያለው አየር ሞገዱን በተለያየ መጠን ስለሚያዘገየው ልኬቱ ይበላሻል። በእንግሊዝ ጆድሬል ባንክ ይሠራ የነበረው ሮጀር ጄኒሰን በ1950ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሦስት አንቴናዎች በሦስት ማዕዘን ሲያያዙ፣ የሞገዱን ቅድሚያና መዘግየት ዙሪያውን ከደመሩት የየአንቴናው ስህተት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህ ሐሳብ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሳይሠራበት ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ራስን ማረም ወደሚባለው ዘዴ አደገ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 27 አንቴናዎች 351 ጥንዶች ይሆናሉ፤ የሚፈለጉት ስህተቶች ግን 27 ብቻ ናቸው። መረጃው ከማይታወቀው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ መጀመሪያ የወጣው ሸካራ ምስል የየአንቴናውን ስህተት ለማረም ያገለግላል፣ የታረመው መረጃ የተሻለ ምስል ይሰጣል፣ ያም እንደገና ለማረም ይውላል።

ቪኤልኤ በዚህ ጊዜ ደረሰ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1972 ፈቀደው፣ በ1980 በይፋ ተመረቀ። ከካምብሪጁ የሚለየው በስፋቱ ብቻ አልነበረም። የተሠራው ማንም ተመራማሪ፣ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ይምጣ፣ ጥሩ የምርምር ሐሳብ ካቀረበ እንዲጠቀምበት ነው። ይህ ታላቅ ውሳኔ ነበር፤ ወዲያው ግን ችግር ይዞ መጣ። አንቴና ነክቶ የማያውቅ የጋላክሲ ተመራማሪ መረጃውን በማግኔት ቴፕ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቅም። መሣሪያ ለሁሉም ከተከፈተ ሙያውም ለሁሉም መከፈት ነበረበት። በሰኔ 1982 ሶኮሮ ላይ ለአምስት ቀን የተካሄደው ዐውደ ጥናት የዚህ መልስ ነው። በ1985 ሁለተኛው፣ በ1988 ሦስተኛው ተከተሉ። የሦስተኛው ትምህርቶች በ1989፣ በ1998 የተካሄደው ስድስተኛው ትምህርት ቤት ደግሞ በ1999 በመጽሐፍ ታተሙ። እነዚህ ሁለት ጥራዞች በየራዲዮ ቴሌስኮፑ መደርደሪያ ላይ ጠርዛቸው ተልጦ ይገኛሉ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው፣ የሠሩትን ሳይደብቁ፣ የት እንደሚሳሳትም ጭምር ጽፈው አስረክበዋል። ሳይንስን ማካፈል ማለት ይህ ነው።

ትምህርት ቤቱ በተግባር ምን ይመስላል? ጠዋት ጠዋት ገለጻ ነው፤ የአንቴናና የመቀበያ አሠራር፣ የፉሪየር ስሌት፣ የልኬት እርማት፣ ምስል ማውጣት፣ የራዲዮ ጣልቃ ገብነት። ከሶኮሮ ወደ ሜዳው ሄዶ አንቴናዎቹን ከቅርብ ማየትም አለ። በየአራት ወሩ ገደማ አንቴናዎቹ በልዩ ማጓጓዣ እየተነሡ ይቀራረባሉ ወይም ይራራቃሉ፤ ሲራራቁ ደቃቁን ነገር፣ ሲቀራረቡ የተንሰራፋውን ነገር ያያሉ። ትምህርቱ የሚጠነክረው ግን ሁሉም ኮምፒውተሩን ከፍቶ እውነተኛ መረጃ ሲቀበል ነው።

ለብዙ ዓመታት ለጀማሪዎች ሲሰጥ የኖረ አንድ መረጃ አለ፤ 3ሲ391 የተባለ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ በ2010 ቪኤልኤ የለካው ነው። ጠቅላላው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ነው፤ በፍላሽ ይያዛል። የሚሠራበት ሶፍትዌር ካሳ ይባላል፣ በነፃ የሚወርድ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚያየው ሰማይ አይደለም፤ በግራፍ ላይ የተበተነ ነጥብ ነው። አንቴናዎቹ ምን እንደሠሩ ያነባል። አንደኛው አንቴና ያን ቀን በቅጡ አልሠራ ይሆናል፣ ሌላው ወደ ቦታው ዞሮ ሳይደርስ መመዝገብ ጀምሮ ይሆናል፣ አንድ ሳተላይት አልፎ አንዱን ክፍል አጩሆት ይሆናል። እነዚህ እየተለዩ ይጣላሉ። የሚጣለው ሲበዛ ምስሉ ይከሳል፣ ሲያንስ ይቆሽሻል።

ቀጥሎ እርማት ነው። 3ሲ286 የተባለው ምንጭ ድምቀቱ በደንብ የሚታወቅ ስለሆነ እንደ ሚዛን ድንጋይ ያገለግላል። ከዒላማው አጠገብ ያለች ሌላ ምንጭ ደግሞ በየተወሰነ ደቂቃው እየታየች አየሩ በየአንቴናው ላይ ምን እንዳደረገ ትናገራለች። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቆሻሻው ምስል ይወጣል። 3ሲ391 ለአንድ እይታ ሰፊ ስለሆነ ሰባት እይታዎች ተገጣጥመው ነው የሚሠሩት። ተማሪው ክሊንን ያስጀምራል፤ ሶፍትዌሩ ብርሃን አለ ብሎ የሚፈልግበትን ክልል በመዳፊት ይከባል፤ ጥቂት ዙር ያስኬደዋል፤ የቀረውን ያያል፤ እንደገና ይከባል። ቅርፊት የመሰለ ቅስት ቀስ በቀስ ብቅ ይላል። በዙሪያው ግን ከዜሮ በታች የወረደ፣ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። ይህ ሰማይ ላይ የለም፤ አንቴናዎቹ ከተወሰነ ርቀት በታች መቀራረብ ስለማይችሉ የሰፊው ብርሃን መረጃ ስለጎደለ የመጣ ነው። አስተማሪው ከተማሪው ጀርባ ቆሞ «ይህን ታምነዋለህ?» ሲል የሚጠይቀው ይኼኔ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ከአንድ መረጃ ሁለት የተለያዩ ምስሎች ማውጣታቸው ነው። አንዱ ክልሉን ጠበብ አድርጎ ከብቦ ደካማውን ብርሃን ቀብሮታል፤ ሌላው አብዝቶ አስኪዶ ጩኸቱን ራሱን ወደ ኮከብነት ቀይሮታል። ሁለቱም ስህተታቸውን ከምስሉ ላይ አያዩትም፤ ምስሉማ ውብ ነው። የሚያዩት የቀረውን መረጃ መልሰው ሲመረምሩ ነው። ይህን መጽሐፍ ሊነግር ይችላል፤ የሚገባው ግን ከጎን የተቀመጠውን ሰው ስክሪን በማየት ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና ከዚህኛው ጋር የማይስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ዓለም በአደባባይ ያየው ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ነው። በኤም 87 ጋላክሲ እምብርት ያለው የጥቁር ጉድጓድ ጥላ ምስል ያን ቀን ወጣ። መረጃው በሚያዝያ 2017 በጥቂት ቴሌስኮፖች የተለካ ነበር፤ የጎደለው ቁራጭ እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ ምስል አውጪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው ለሰባት ሳምንት እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሠሩ። አራቱም ምስላቸውን ሲያመጡ አራቱም ላይ ቀለበት ነበር። ሶኮሮ ላይ ለጀማሪ የሚነገረው «ያወጣኸውን ምስል ተጠራጠረው» የሚለው ሥነ ምግባር፣ በዓለም ደረጃ ሲሠራበት ይህን ይመስላል።

ሙያው ወደ ሌሎች አገሮች የሄደበትን ስናይ ሕንድ ከሁሉም ታኮራለች። ጎቪንድ ስዋሩፕ በ1950ዎቹ ሲድኒ ሄዶ ከፖውሲና ከክሪስቲያንሰን ጋር ሠራ። ፖትስ ሂል ላይ አገልግሎታቸውን የጨረሱት ትንንሽ አንቴናዎች እንዲጣሉ ሲወሰን ለሕንድ ይሰጡ ብሎ ጠየቀ። አንቴናዎቹ ሕንድ ደርሰው በ1965 ካልያን ላይ ፀሐይን ማየት ጀመሩ። ከዚያ ተነሥቶ እርሱና ያሠለጠናቸው ሰዎች ከፑኔ በስተሰሜን ባለ 45 ሜትር ስፋት 30 አንቴናዎች ያሉትን ጂኤምአርቲ የተባለ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ገነቡ፤ አንቴናው ቀላልና ርካሽ እንዲሆን በሽቦ መረብ የሚሠራበትን መላ አገር ውስጥ ፈጠሩ። የፑኔው ማዕከል በ1999 የሰጠው ትምህርትም ዝቅተኛ ድግግሞሽን ለሚያጠና ሁሉ የሚነበብ መጽሐፍ ሆነ። አውሮፓም ከቴሌስኮፕ ወደ ቴሌስኮፕ የሚዘዋወር የራሷ ትምህርት ቤት አላት፤ ድዊንገሎ፣ ጋርሺንግ፣ ጎተንበርግ አስተናግደውታል። አውስትራሊያ ናራብራይ ላይ፣ ከአንቴናዎቹ ሥር ታስተምራለች።

አፍሪካ ዘግይታ ብትጀምርም የሄደችበት ፍጥነት የሚያስደንቅ ነው። ከጆሃንስበርግ አቅራቢያ ያለው የሃርትቤስሁክ አንቴና በ1961 የናሳ መንኮራኩሮችን ለመከታተል የቆመ ነበር፤ በ1975 ለሥነ ፈለክ ተሰጠ። ደቡብ አፍሪካ በ2003 ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ የሥነ ፈለክና ጠፈር ሳይንስ ፕሮግራም ጀመረች፤ ከመላው አህጉሩ ተማሪዎችን ተቀበለች፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። በ2018 የተመረቀው የአገሪቱ ቴሌስኮፕ ሚርካት 64 አንቴናዎች፣ 2016 ጥንዶች አሉት። ስለ ፍኖተ ሐሊብ እምብርት ያወጣው ምስል በዓለም ላይ ከታዩት የራዲዮ ምስሎች ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህ የሆነው አንቴናው ከመቆሙ ከዓመታት በፊት ተማሪዎቹ መሠልጠን ስለጀመሩ ነው። ጋና ኩንቱንሴ ላይ ያረጀ ባለ 32 ሜትር የሳተላይት መገናኛ አንቴናዋን ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀይራ በ2017 ስታስመርቅ፣ ዳራ የተባለው የብሪታንያና የደቡብ አፍሪካ የሥልጠና ፕሮግራም በጋና፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በናሚቢያ፣ በቦትስዋና፣ በማዳጋስካር፣ በሞዛምቢክና በሞሪሸስ ወጣቶችን ያስተምር ነበር።

በዚህ ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። እነዚህ ስምንት አገሮች የግዙፉ የኤስኬኤ ቴሌስኮፕ አጋሮች ሆነው የተመረጡ ናቸው፤ እኛ አይደለንም። ይሁንና ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሠረተ፤ እንጦጦ ላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር የብርሃን ቴሌስኮፖች ቆሙ፤ በ2017 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የወጣት ተመራማሪዎች ትምህርት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ አካሄደ። አቀማመጣችንም ጸጋ ነው። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቀን ስለምንገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታየናል። በአውሮፓ ቴሌስኮፖችና በሃርትቤስሁክ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት በተለያዩ አህጉራት ያሉ አንቴናዎችን አገናኝተው ምስል ለሚሠሩ ሰዎች የጎደለ ቁራጭ ነው፤ እኛ ደግሞ በመካከሉ ነን።

አንቴና ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ግን ነገ ሊጀመር ይችላል። የቪኤልኤና አልማ የተባለው የቺሊ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ልኬቶች ለጠየቃቸው ተመራማሪ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ከተጠበቁ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናሉ። ካሳ ነፃ ነው። የቶምፕሰን፣ የሞራንና የስዌንሰን መጽሐፍ፣ በዘርፉ ዋነኛ የሚባለው፣ ሦስተኛ እትሙ ከ2017 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል። በደቡብ አፍሪካ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጁት፣ ኮምፒውተር ላይ እየሞከሩ የሚማሩበት ኮርስም ለሁሉም ተለቋል። በዚህ የሚሠለጥን ወጣት ሥነ ፈለክ ላይ ባይቆይ እንኳ የምልክት ስሌትን፣ የግዙፍ መረጃ አያያዝንና የገዛ ውጤቱን መመርመርን ይዞ ይወጣል፤ እነዚህ በሕክምና ምስልም፣ በቴሌኮምም፣ በአየር ትንበያም የሚፈለጉ ሙያዎች ናቸው።

ስለዚህ ጥሪዬ ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳር፣ ለጅማና ለሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የኮምፒውተር ክፍሎቻችሁ ተቆልፈው ይከርማሉ። ሃያ ተማሪ፣ ሁለት ሳምንት፣ በየማሽኑ ላይ ካሳና የ3ሲ391 መረጃ፣ እንዲሁም ደቡብ አፍሪካ ወይም አውሮፓ ተምሮ የመጣ አንድ ሁለት ሰው ካገኛችሁ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተዘጋጀ ማለት ነው። በውጭ አገር በዚህ ሙያ የምትሠሩ ኢትዮጵያውያንም ለዕረፍት ስትመጡ ከዚያ ውስጥ ጥቂት ቀን ስጡ። መጪው ክረምት ሳያልፍ ጀምሩት።